የወንድ የደጋ አጋዘንን ቀንድ ከሩቅ መገመት፦ ለላስታ አስጎብኚዎችና ስካውቶች የቀረበ መመሪያ

ከሩቅ የቆመን ወንድ እንስሳ አይቶ የቀንዱን ርዝመት መገመት፣ በተራራ ላይ የሚሠራ አስጎብኚ፣ ስካውት ወይም የአደን መሪ ደጋግሞ የሚገጥመው ሥራ ነው። የዱር እንስሳት ቆጣሪ አንዱን ወንድ ከጎረምሶቹ ሌላውን ከጎልማሶቹ የሚመድበው በአመዛኙ ቀንዱን አይቶ ሲሆን፣ ቁጥጥር በሚደረግባቸው የአርሲና የባሌ የአደን ሥፍራዎች ደግሞ በፈቃድ የሚታደነው የደጋ አጋዘን ለአደን የደረሰ መሆን አለመሆኑ የሚወሰነው ከመተኮሱ በፊት በሚሰጥ ግምት ነው። ግምቱ ከተሳሳተ ጥፋቱ አይመለስም፤ ያልደረሰ ወንድ ከወደቀ በኋላ ሜትር ቢዘረጋ የሚገኘው ቁጥር ለመዝገብ እንጂ ለመንጋው አይጠቅምም።

የደጋ አጋዘን በላስታ አይገኝም። በዓለም ላይ የሚኖረው ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ባሉት የኢትዮጵያ ደጋዎች፣ በዋነኛነት በባሌና በአርሲ ሲሆን፣ የአካባቢው ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ገደምሳ ይሉታል። ይሁን እንጂ ከላሊበላ በላይ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4200 ሜትር በላይ የሚወጣ፣ አስታ፣ ጓሳና ጅብራ የበቀለበት፣ ጉሙና ብርሃኑ ከባሌ ደጋ ጋር የሚመሳሰል በመሆኑ፣ ወደዚያ ሄዶ ለመሥራት ወይም እንግዳ ይዞ ወደ ስሜን ወጥቶ ዋልያን ለማሳየት የሚያስብ የላስታ ልጅ ዓይኑን የሚያሠለጥንበት ቦታ በደጁ አለው። ዋልያና ቀይ ቀበሮ እንደማይታደኑ፣ በብሔራዊ ፓርኮች ውስጥም አደን ፈጽሞ የተከለከለ መሆኑን አንባቢው ያውቃል ተብሎ ይታሰባል፤ ከዚህ በታች የሚዘረዘረው ሥራ ግን መሣሪያ ለያዘውም ካሜራ ለያዘውም አንድ ነው።

1. የሚለካው ምን እንደሆነ አስቀድሞ መለየት

ግምት ከመጀመሩ በፊት በየትኛው መለኪያ እንደሚሰላ መታወቅ አለበት፤ ምክንያቱም አንዱን እንስሳ አንዱ ገማች «ሠላሳ አራት» ሌላው «ሰማንያ ስድስት» ብሎት ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ለትሮፊ፣ ማለትም ለመታሰቢያ ለሚቀመጠው ራስና ቀንድ፣ ደረጃ በመስጠት በስፋት የታወቁት አሠራሮች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ከ1892 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መዝገብ ሲያሳትም የኖረው የሮውላንድ ዋርድ አሠራር ሲሆን፣ ጠመዝማዛ ቀንድ ላላቸው እንስሳት ደረጃ የሚሰጠው ከሁለቱ ቀንዶች በረጅሙ ነው። ሁለተኛው የሳፋሪ ክለብ ኢንተርናሽናል አሠራር የሁለቱን ቀንዶች ርዝመትና የሁለቱን ቀንዶች የግርጌ ዙሪያ፣ በድምሩ አራት ልኬቶችን ይደምራል። በሁለቱም ርዝመት የሚለካው ቀንዱ ከግንባሩ ከወጣበት ሥር ተነሥቶ የውጭውን ጠርዝ፣ ማለትም ከቀንዱ ጋር እየተጠማዘዘ የሚወጣውን ሸንተረር፣ እስከ ጫፉ ድረስ ተከትሎ ነው። ሁለቱም በኢንች ይሠራሉ፤ አንድ ኢንች 2.54 ሳንቲ ሜትር ነው። ለምሳሌ አንዱ ቀንድ 34፣ ሌላው 33 ኢንች ሆኖ የእያንዳንዳቸው የግርጌ ዙሪያ 9.5 ኢንች ቢሆን፣ በመጀመሪያው አሠራር 34፣ በሁለተኛው 86 ይባላል።

ስለ አሜሪካ አጋዘኖች የተጻፉ መመሪያዎችን ያነበበ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። በሰሜን አሜሪካ የሚኖረው፣ ጆሮው እንደ በቅሎ ጆሮ የሆነው አጋዘን በየዓመቱ ወልቆ እንደገና የሚያድግ ባለ ቅርንጫፍ ቀንድ ስላለው፣ ነጥቡ የሚሰላው እያንዳንዱ ቅርንጫፍና በሁለቱ ግንዶች መካከል ያለው ስፋት ተደምሮ ነው፤ የዚያ አገር ገማቾችም ስፋቱን የሚያነጻጽሩት ሁለቱ ጆሮዎች ወደ ጎን ሲዘረጉ ከሚይዙት ርቀት ጋር ነው። የደጋ አጋዘን ቀንድ ቅርንጫፍ የለውም፣ አይወልቅም፣ ስፋቱም በነጥብ ውስጥ አይገባም። በሰውነት ክፍል መለካት የሚለው ሐሳብ ይወሰድ፤ ስፋትን የማድነቅ ልማድ ግን እዚያው ይቅር፤ ሰፊ ቀንድ ዓይን ይሞላል እንጂ ሳንቲ ሜትር አይጨምርም።

2. መሣሪያ

ብዙ አያስፈልግም። ስምንት ወይም ዐሥር እጥፍ የሚያቀርብ የርቀት መነጽር፣ ከተቻለ ባለ እግር ቴሌስኮፕ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ የማይሳብ ቀጭን ሽቦ፣ ፎቶ የሚያነሣ ስልክና ደብተር ይበቃሉ። በሽቦው ፋንታ የጥጥ ክር የሚጠቀም ሰው ክሩ ሲጎተት እንደሚረዝም፣ ሲረጥብም እንደሚያጥር ይወቅ።

3. ዓይንን በቅዳሜ ገበያ ማሠልጠን

ገማች የሚሆነው ሰው በዱር እንስሳ መጀመር የለበትም፤ ምክንያቱም የዱር እንስሳ ተገምቶ ካለፈ በኋላ እውነተኛው ልክ ስለማይገኝ፣ ያልታረመ ግምት ሺህ ጊዜ ቢደጋገም ስሕተትን ከማደንደን በስተቀር ዕውቀት አይሆንም። የላሊበላ የቅዳሜ ገበያ ከየቀበሌው በሚነዱ ፍየሎችና በጎች የሚሞላ በመሆኑ፣ ገምቶ ወዲያው ለመለካት ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አይገኝም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ገማቹ ከአንድ አውራ በግ ወይም ወጠጤ ሠላሳ ያህል እርምጃ ርቆ ይቆማል፤ የቀንዱን ርዝመት ይገምትና ሳይቀርብ በደብተሩ ይጽፋል፤ ከዚያም ቀርቦ፣ ባለቤቱን በወጉ ሰላም ብሎና አስፈቅዶ ይለካል። ማስፈቀዱ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሊገዛ ሳይፈልግ የሰው ከብት ቀንድ የሚይዝ ሰው ገዢ እያሸሸ ነው ተብሎ ስለሚጠረጠር፣ ገበያው ሞቅ ሳይል በማለዳ ወይም ሊበተን ሲል መጠየቅ ይመረጣል። ሲለካ የሽቦው ጫፍ ጸጉሩ በሚያበቃበት በቀንዱ ሥር ላይ በአውራ ጣት ተይዞ፣ ሽቦው በውጭው ጠርዝ ላይ እየተጫነ እስከ ጫፍ ይወሰዳል፤ ጫፉ ላይ በጥፍር ይያዝና ቀጥ ተደርጎ በሜትሩ ይነበባል። የግርጌ ዙሪያው ደግሞ በሜትሩ፣ ከቀንዱ አቅጣጫ ጋር መስቀለኛ ሆኖ ይለካል፤ ሜትሩ ከተዘነበለ ዙሪያው ካለው በላይ ይወጣል።

ለዚህ ልምምድ በግ ከፍየል ይበልጣል። የአውራ በግ ቀንድ ወደ ኋላ ዞሮ በጉንጭ በኩል የሚጠማዘዝ በመሆኑ፣ ዓይን የሚያየው ቁመትና ሽቦ የሚያገኘው ርዝመት ምን ያህል እንደሚራራቁ በግልጽ ያሳያል፤ ቀጥ ያለ ቀንድ ያለው ፍየል ይህን አያስተምርም። በየግምቱ አጠገብ እውነተኛው ልክና ልዩነቱ ይጻፍ። ልዩነቶቹ ሲደረደሩ አብዛኛው ሰው የራሱን ዝንባሌ ያገኛል፤ አንዱ ዘወትር ያስረዝማል፣ ሌላው ወፍራም ቀንድ ሲያይ ያሳጥራል። አንድ ወጥ ዝንባሌ ያለው ገማች በቀላሉ ይታረማል፤ አስቸጋሪው ዛሬ አስረዝሞ ነገ የሚያሳጥረው ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው ገበያውን ቶሎ ባይለቅ ይመረጣል።

4. በአቡነ ዮሴፍ ላይ ርቀትንና ብርሃንን መላመድ

ከላሊበላ ከተማ፣ ከ2500 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ተነሥቶ ወደ አቡነ ዮሴፍ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ የሚወጣ ሰው የሚያገኘው አየር ስስና ጥርት ያለ በመሆኑ፣ ከጉም በኋላ በማለዳ ማዶ ያለ ነገር ሁሉ የቀረበ ይመስላል። እንስሳው የቀረበ መስሎ ከታየ በዓይን ላይ የሚይዘው ቦታ ትንሽ ስለሚሆን ራሱም ቀንዱም አነስተኛ ተደርገው ይገመታሉ፤ በጉም ውስጥ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፣ ከሩቅ የመጣ የመሰለው ጥላ ይገዝፋል። ስለዚህ በጉም ውስጥ የታየ ወንድ ጉሙ እስኪገለጥ ድረስ አይገመት።

ጅብራንና አስታን እንደ መለኪያ መጠቀም በዚህ ደጋ የተለመደ ስሕተት ነው። ጅብራ ከጉልበት ከማይበልጥ ችግኝ ጀምሮ ከሰው ቁመት በብዙ እጥፍ እስከሚበልጥ ድረስ ስለሚለያይ፣ አጠገቡ የቆመው እንስሳ አንድ ጊዜ ግዙፍ አንድ ጊዜ ግልገል ይመስላል። አስታም በአንዱ ተዳፋት ቁጥቋጦ፣ በሌላው ዛፍ ነው። የሚታመነው መለኪያ የእንስሳው የራሱ አካል ብቻ ነው። ይህን ለመላመድ በአለቱ ላይ የምትቆመው ሰስ ትመቻለች፤ የወንዱ ቀንድ አጭርና ቀጥ ያለ በመሆኑ ከጆሮው ይበልጣል ወይስ ያንሳል የሚለውን በመነጽር ደጋግሞ መመለስ ይቻላል።

ገማቹ ዳገት ወጥቶ እንደደረሰ መነጽር ቢያነሣ እጁ ከትንፋሹ ጋር ስለሚንቀጠቀጥ የቀንዱን ጫፍ አያይም። ጫፍ ካልታየ ግምት የለም፤ ተቀምጦ፣ ክንድን በጉልበት ላይ አስደግፎ፣ ልብ እስኪረጋ መጠበቅ ይገባል።

5. ከርዝመት በፊት ዕድሜ

በባሌ፣ በተለይም ከዲንሾ አጠገብ ባለው የጋይሳይ ሜዳ፣ የደጋ አጋዘን ሰው ስለለመደ በቅርብ ሆኖ ለማየት ይቻላል፤ ግምትን በእውነተኛው እንስሳ ላይ መጀመር የሚገባውም እዚያ ነው። ሴቷ ቀንድ ስለሌላት ወንድን ከሴት መለየት አያስቸግርም። ችግሩ ጎረምሳውን ከጎልማሳው በመለየት ላይ ነው። የጎረምሳው ቀንድ ቀጭን ሆኖ በፍጥነት ይረዝማል፤ አካሉ ገና ሸንቃጣ ስለሆነም ቀንዱ ከአካሉ ጋር ሲነጻጸር ካለው በላይ ረጅም ይመስላል። ጎልማሳው ግን አንገቱ ወፍሮ፣ ደረቱ ወርዶ፣ የጀርባው ጋማ ጎልቶና ጠጉሩ ጠቁሮ፣ የቀንዱ ሥር ስለሚደነድን ቀንዱ አጭር ይመስላል። የሸመገለው ደግሞ ጫፉን በአለትና በዛፍ ያሸ በመሆኑ በእርግጥም ከቀድሞው ሊያጥር ይችላል። ስለዚህ የቀንዱ ጫፍ ሹልና ቀጭን ከሆነ፣ የመጀመሪያው ጥምዝ ተጠናቆ ጫፉ ወደ ውጭ ካልተመለሰ፣ ወይም አንገቱ ከጭንቅላቱ ስፋት እምብዛም ካልበለጠ፣ ቁጥሩ ምንም ያህል ቢያጓጓ እንስሳው ገና ነው ተብሎ ይመዝገብ። ረጅሙን ፈልጎ ወጣቱን መምረጥ በዚህ ሥራ ውስጥ ካሉት ስሕተቶች ሁሉ የከፋው ነው።

6. ቁመቱን በትከሻው ልክ ማግኘት

የወንድ የደጋ አጋዘን የትከሻ ቁመት ከ120 እስከ 135 ሳንቲ ሜትር ነው። እንስሳው ጎኑን ሰጥቶ፣ ራሱን በተለመደው አኳኋን ይዞ በቆመበት ቅጽበት በቴሌስኮፑ በኩል ፎቶ ይነሣ። ከዚያም በፎቶው ላይ ከሰኮና እስከ ትከሻ ያለው ርቀትና ከቀንዱ ሥር እስከ ጫፉ ያለው ቀጥተኛ ርቀት ይለካሉ። የመጀመሪያው በፎቶው ላይ 52፣ ሁለተኛው 26 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ቀንዱ በቀጥታ የትከሻውን ግማሽ ያህላል ማለት ነው፤ የትከሻው ቁመት 120 ከሆነ 60፣ 135 ከሆነ 67.5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። እውነተኛው ልክ በእነዚህ መካከል ስለሚሆን፣ ገና ከመነሻው ግምት አንድ ቁጥር ሳይሆን ወሰን መሆኑ ግልጽ ነው።

እዚህ ላይ ሣሩ ያታልላል። ሰኮናው በጓሳ ከተሸፈነ የታየው እግር አጥሮ ትከሻው ዝቅ ያለ ስለሚመስል፣ በንጽጽር ቀንዱ ይረዝማል። ትከሻው 130 ሳንቲ ሜትር የሆነ እንስሳ ዐሥሩ በሣር ቢደበቅና ገማቹ ሙሉ ቁመት ነው ብሎ ቢቆጥረው፣ 65 ሳንቲ ሜትር የነበረው ቀጥታ ርቀት ከ70 በላይ ሆኖ ይወጣል። እንስሳው ከሣሩ እስኪወጣ መጠበቅ፣ ካልወጣም ጉልበቱን አይቶ የተደበቀውን መጨመር ያስፈልጋል።

ጎኑ ብቻ አይበቃም። የደጋ አጋዘን ቀንዶች ወደ ላይ ሲወጡ ወደ ግራና ቀኝ ስለሚለያዩ ከጎን የታየው ቁመት የመለያየታቸውን ያህል ያጣል፤ ፊቱን ሲሰጥ የታየው ደግሞ ወደ ኋላ የተጋደመውን ያጣል። ከጎንም ከፊትም ካልታየ ግምቱ ጎደሎ መሆኑ ይጻፍ። ራሱን ደፍቶ እየጋጠ ያለ እንስሳ ጭራሹን አይገመት። ፀሐይ ከኋላው ሆና ቀንዱ በሰማይ ላይ እንደ ጥላ ከታየም፣ ጠርዙ ስለማይለይና ጥቁሩ ከሰማዩ ብርሃን ጋር ስለሚጎላ፣ ትንሹም ትልቅ ይመስላል።

7. ጥምዙ የሚጨምረው

እስካሁን የተገኘው ቀጥተኛ ርቀት ነው፤ መዝገብ የሚፈልገው ግን በጠርዙ ላይ የሚዞረውን ርዝመት ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት በቃል ከማጥናት ይልቅ በሽቦ ማየት ይሻላል። 85 ሳንቲ ሜትር ሽቦ ተቆርጦ፣ ስፋቱ 14 ሳንቲ ሜትር በሆነ የወተት ዱቄት ጣሳ ላይ እኩል እየወጣ አንድ ዙር ከሩብ እንዲጠመጠም ቢደረግ፣ ከታች እስከ ላይ ያለው ቁመት ወደ 65 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ጥምዙ ሃያ ሳንቲ ሜትር ደብቋል ማለት ነው። ያው ሽቦ በቀጭን ጠርሙስ ላይ ቢጠመጠም ቁመቱ ብዙም አይቀንስም። ስለዚህ ሁለት ወንዶች ጎን ለጎን ቆመው ቁመታቸው እኩል ቢሆንም፣ ጥምዙ ሰፊ የሆነው ቀንድ ከጠባቡ በእጅጉ ሊረዝም ይችላል፤ ልምድ የሌለው ገማች ግን ቀጥ ብሎ የቆመውን ይመርጣል። ገማቹ ይህን ሽቦ ይዞ ወደ ሜዳ ቢወጣና፣ በመነጽር ያየውን የጥምዝ ስፋት ለመምሰል እየጠመዘዘ ቢያነጻጽር፣ ከማናቸውም ቀመር ይበልጥ ይረዳዋል።

የደጋ አጋዘን ቀንድ በአማካይ 85 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ እስከ 118 ሳንቲ ሜትር የደረሰም ተመዝግቧል። እንግዲህ ከአንድ ሜትር በላይ የሆነ ግምት በደብተር ላይ ሲወጣ፣ እንስሳው ልዩ ነው ከማለት በፊት የትከሻው ልኬት፣ ሣሩና ጥምዙ እንደገና ይታዩ።

በስሜን ዋልያን ለሚገምት ሰው ችግሩ ጥምዝ ሳይሆን ቅስት ነው። የዋልያ ቀንድ ወደ ኋላ የታጠፈ በመሆኑ ርዝመቱ የሚገኘው በፊተኛው ቅስት ላይ ነው፤ ቅስቱ ግማሽ ክብ ቢሆን ከሥር እስከ ጫፍ ያለው ቀጥተኛ ርቀት በ1.57 ይባዛል፣ ስለዚህ 64 ሳንቲ ሜትር የመሰለው ወደ አንድ ሜትር ይደርሳል። ብዙዎቹ ቀንዶች ግማሽ ክብ ስለማይሞሉ ማባዣው ከዚህ ማነስ አለበት። በቀንዱ ፊት ለፊት ያሉትን እብጠቶች እንደ ዓመት መቁጠርም አይገባም።

8. ወሰን መስጠት፣ መመዝገብና ማረም

ግምቱ ሲጻፍ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው፣ ለምሳሌ «ከ80 እስከ 88 ሳንቲ ሜትር»፣ ተብሎ ይጻፍ፤ ለእንግዳ ሲነገር ደግሞ ዝቅተኛው ይነገር። እንግዳው ትልቅ ቁጥር መስማት ስለሚወድ ገማቹ ሳያስበው ወደ ላይ ይገፋል፤ ጉርሻ በሚጠበቅበት ሥራ ላይ ይህ ፈተና ቀላል አይደለም። ሁለት ገማቾች ካሉ አንዱ የሌላውን ቁጥር ሳይሰማ ይጻፍ፤ መጀመሪያ የተናገረው፣ በተለይ ታላቅ ከሆነ፣ የሌላውን ግምት ይጎትተዋልና። ከቁጥሩ ጋር ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ርቀቱ፣ የብርሃኑ ሁኔታ፣ እንስሳው የታየበት አቅጣጫና የዕድሜው ግምት ይመዝገቡ።

ግምትን ለማረም የሚያስችል የእውነተኛ ቀንድ ልኬት ከሁለት ቦታ ይገኛል። የመጀመሪያው ሙዚየም ነው፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአራት ኪሎ ግቢ ያለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የአገሪቱን የዱር እንስሳት ናሙናዎች ስለያዘ፣ ገማቹ ከመስታወቱ ማዶ ሆኖ ገምቶ ሠራተኞቹን ልኩን ሊጠይቅ ይችላል። ሁለተኛው በሜዳ ሞቶ የተገኘ እንስሳ ነው። እንዲህ ያለ ቀንድ ሲገኝ ከተገኘበት ሳይነሣ ፎቶ ይነሣ፣ በሽቦና በሜትር ይለካ፣ ከዚያም ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ወይም ለአካባቢው የዱር እንስሳት ጥበቃ ሠራተኛ ይነገር፤ የዱር እንስሳ ቀንድ ያለ ፈቃድ ይዞ መገኘት በሕግ የሚያስጠይቅ በመሆኑ ለልምምድ ተብሎ ወደ ቤት የሚወሰድ ነገር የለም። የተለካው ቁጥር በደብተሩ ከቀደሙት ግምቶች አጠገብ ሲገባ ቀንዱ ደርቆ እንደሆነና ጫፉ ተሰብሮ እንደሆነ አብሮ ይጻፍ።